ጋሽ ሲራጅን ያሳሰረው ፊርማዬ

ባለፈው ሰኔ ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቴ አዳራሽ አስጊጦ ሸኘኝ። ኬክ ተቆረሰ፣ ጋቢ ተደረበልኝ፣ አንድ ከሰው ኃይል ክፍል የመጣ ወጣት ደግሞ የሥራ ታሪኬን ከወረቀት አነበበ። «ወይዘሮ ብርቅነሽ በረጅም የአገልግሎት ዘመናቸው አንድም ቀን ስሕተት ያልተገኘባቸው...» ሲል ጋቢው ትከሻዬ ላይ ከበደኝ። ኧረ ምን ጉድ ነው! ማን ነገረው? ተነሥቼ «ውሸት ነው» ልል ቃጥቶኝ ነበር፣ ኬኩ አፌን ሞልቶት ቀረሁ። ሰዉም አጨበጨበ። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን አጥፌ ሳስቀምጥ፣ ያንን ልጅ የሚያርም ወረቀት ራሴ ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ።

ሥራ የጀመርሁት ጎንደር ከተማ በታይፒስትነት ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ደብዳቤ ሲያጽፈኝ ከወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ ስለነበር ቃሉ የሚሰማኝ ወደኔ ሲዞር ብቻ ነው፤ ግማሹን ደብዳቤ የምደርሰው እኔ ነበርሁ። ሁለተኛው አለቃዬ ከለውጡ በኋላ የመጣ ነው፤ አንድ ቀን «ጓድ» ሳልል እንደምን አደርህ ብዬው ሳምንት አኮረፈኝ። ስለ ደመወዙ ባወራ ትስቃላችሁ፣ ይቅር። በሰባዎቹ መጨረሻ ገደማ «ጣቷ ፈጣን ነው» ተብሎ ለሦስት ወር የኮምፒውተር ሥልጠና አዲስ አበባ ተላክሁ። ስመለስ ጎንደር የምቀመጥ መስሎኝ ነበር፣ ወረታ መደቡኝ። አለቀስሁ። ወረታን የማውቃት አውቶቡስ ሲቆም በመስኮት ብቻ ነበር።

የተመደብሁበት ፕሮጀክት የፎገራን ገበሬ በዘር የሚያግዝ ነበር። ክረምት ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን ይውጡታል፤ መስከረም ሲጠባ ውሃው ይሸሻል፤ ያን ጊዜ ጥቁሩ አፈር እርጥበቱን ሳይጨርስ ሽምብራውን መዝራት ነው። ትንሽ ከዘገየ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ዘሩም የወፍ ቀለብ ይሆናል። የየገበሬ ማኅበሩ አባላት ስምና የሚደርሳቸው ዘር ሁሉ ያለው በኔ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ነው። ዝርዝሩ ታትሞ ካልወጣ መጋዘኑ አይከፈትም። ማሽኑ የተቀመጠባት ክፍል እንደ አራስ ቤት ተጋርዳ፣ የሚገባው ሰው ሁሉ ጫማውን እያወለቀ፣ በሹክሹክታ ነበር የሚወራባት።

የከተማው መብራት የሚመጣው ማታ ማታ ስለሆነ ቀን የምንሠራው በጄኔሬተር ነበር። የጄኔሬተሩ ሰው ጋሽ ሲራጅ ይባላሉ። ቤተሰባቸው ወረታ ገበያ ዳር ሱቅ አለው፣ ወንድሞቻቸው ሁሉ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሳቸው ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሬዲዮ እየፈቱ፣ ሞተር እየገጠሙ ኖሩ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልተማሩም። እኔን ሥራ ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው፤ የአዲስ አበባው ሦስት ወር ስሙን ነው ያስተማረኝ።

አንድ ዕቃ ሲበላሽ ጋሽ ሲራጅ አይቸኩሉም። በመጀመሪያ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ያነጥፉና እያንዳንዱን ብሎን በፈቱበት ተራ ይደረድሩበታል፤ ያንን ጨርቅ የነካ ሰው ወየውለት! የጠመንጃ መፍቻውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከሁሉም የማልረሳው ግን ማራገፋቸው ነው። «ብርቄ፣ አህያ ጭቃ ውስጥ ቢወድቅብሽ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ አንድ ቀን። «ጭነቱን አወርድለታለሁ።» «እሰይ! ይኸም እንደዚያው ነው። ትርፉን ሁሉ አውርጂለት፣ ባዶውን ይነሣ፣ ከዚያ አንድ ጨምሪና ጠብቂ። ሁለት ባንድ ጊዜ የጨመርሽ ዕለት ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አታውቂም።» አንድ ነገር ከጨመሩ በኋላ ሻያቸውን ፉት እያሉ ይጠብቃሉ፤ እኔ ትዕግሥቴ አልቆ እግሬን አወዛውዛለሁ።

እንግዲህ በዚያ መስከረም፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ መሐንዲስ በላንድሮቨር መጣ። ይዞት የመጣው መዳፍ የምታህል አረንጓዴ ካርድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ስትሰካ የአማርኛ ፊደል በማሽኑ መስኮት ላይ ታሳያለች ተባለ። እስከዚያ ድረስ የገበሬውን ስም የምጽፈው በፈረንጅ ፊደል ነበር፤ ባለቤቱ ስሙን ቢያይ አያውቀውም። ሥራ አስኪያጃችን «ከእንግዲህ ማሽኑ በሰፊው ሕዝብ ቋንቋ ይጽፋል» ብሎ በስብሰባ ላይ አስቀድሞ ተናግሯል። ስለዚህ ተረካቢ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሥራ አስኪያጁ፣ የንብረት ክፍሉ ሰውና እኔ።

መሐንዲሱ ማሽኑን ከፍቶ ካርዷን ሰካና አስነሣው። ማሽኑ እንደ ልማዱ ቁጥር ቆጠረ። ከዚያ ጨለማው መስኮት ላይ «እንኳን ደኅና መጡ» የሚል ጽሑፍ ቦግ አለ። ምነው ሸዋ! በራሳችን ፊደል! የንብረቱ ሰው እልል ሊል ምንም አልቀረው፣ ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ፣ ሁላችንም አጨበጨብን። እኔ አለቀስሁ፤ አልዋሽም፣ እንባዬ ወረደ። ሥራ አስኪያጁ «በቃ አጥፉት፣ አታድክሙት፣ ይረፍ!» አለና ማሽኑ ጠፋ። ክዳኑ ተገጥሞ ብሎኑ ላይ ቀይ ሰም ታተመበት፤ «ሲሠራ አይተን በጤንነት ተረክበናል» በሚል ቅጽ ላይ ሦስታችንም ፈረምን። መሐንዲሱም ወገቡን ያመው ስለነበር ፍል ውሃ ልታጠብ ብሎ በዚያው ወደ ዋንዛዬ ሄደ።

ያች ሰላምታ ካርዷ ራሷ የምትጽፋት መሆኗን ያን ጊዜ ማን አሰበ! ኮምፒውተር ሲነሣ በመጀመሪያ ራሱን ይፈትሻል፣ ከዚያ ሥራውን ሁሉ የሚመራውን ፕሮግራም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለውን፣ ከሃርድ ዲስኩ ላይ ያነብባል። እኛ ያየነው ደጃፉን ብቻ ነው። አንዲት ደቂቃ ብንታገሥ ኖሮ ቤቱ እንደማይከፈት እናይ ነበር። ፊደሉን አየንና ደስታ አሰከረን።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሲራጅ የጄኔሬተሩን ነዳጅ ማጣሪያ ቀይረው ሲያስነሡት ሞተሩ ሳል ሳል አደረገውና የሥራ አስኪያጁ ቢሮ አምፖል ብልጭ ድርግም አለ። ሁላችንም አየነው። ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው።

ዓርብ ጠዋት ማሽኑን አስነሣሁ። ቆጠረ። «እንኳን ደኅና መጡ» አለ። ከዚያ በግራ በኩል ከላይ አንዲት ትንሽ ሰረዝ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም። ጠበቅሁ። ምንም የለም። አጠፋሁት፣ አስነሣሁት፤ ያችው ሰረዝ። ከሥልጠና ያመጣሁትን ዲስኬት ከትቼ በእሱ ባስነሣው ተነሣልኝ፤ ሃርድ ዲስኩን አሳየኝ ብዬ ሳዘው ግን እንደገና ድርቅ አለ። በቃ፣ ሃርድ ዲስኩ ሞቷል አልሁ። አዲስ አበባ ያስተማሩን ዲስክ የሚገድለው የኃይል መዋዠቅ ነው። የትናንቱ አምፖል ትዝ አለኝ። ምርመራዬ ይኸው ነው፣ ከዚህ አላለፈም።

ሥራ አስኪያጁ ከበላዬ ቆሞ «ምክንያቱን በጽሑፍ አቅርቢ» አለኝ። ስድስት መሥመር ጻፍሁ፤ «ብልሽቱ የደረሰው በጄኔሬተሩ የኃይል መዋዠቅ ነው» ብዬ ፈረምሁ። ስለ ሞተር የጻፍሁ መስሎኝ! እሱ አንብቦ ወረቀቱን አጠፈና «በዘር ወቅት፣ ፊደሉ በገባ ማግሥት። ይኸማ ተራ ብልሽት አይደለም፣ አሻጥር ነው» አለ። «ኧረ ጓድ፣ እንደሱ አላልሁም» ብል ማን ሰምቶኝ። ጋሽ ሲራጅን ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ በር ላይ ሁለት የታጠቁ ሰዎች ተቀበሏቸው። በመስኮት አየኋቸው፤ ወደ አንዱ ዞረው ወደ ሌላው ዞረው አንድ ነገር ይጠይቃሉ፣ የሚመልስላቸው የለም። እኔ መጋረጃውን ለቀቅሁት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የጋሽ ሲራጅ ባለቤት ወይዘሮ ዘሀራ ሱቋን ዘግታ ቤቴ መጣች። ቁጭ በይ ብላት እንቢ አለች።

«ብርቄ፣ ሲራጅ ምን አደረገ? አንቺ ጻፍሽበት ይሉኛል።»

«እኔ የጻፍሁት ስለ ሞተሩ ነው፣ እቴ ዘሀራ።»

«ሞተሩን አላሰሩትም» አለችኝ። «ሰኞ ደብረ ታቦር ሊወስዱት ነው። ከዚያ ወዲያ አላህ ነው የሚያውቀው።»

በዚያ ዘመን በአሻጥር ስም የተወሰደ ሰው ሁሉ አልተመለሰም። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። እሷ እንደሄደች ተነሥቼ ወደ ቢሮ ሄድሁ።

የዘበኛው ተራ የአያ ታከለ ነበር፤ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ናቸው፣ ለቤተሰባቸው መደጎሚያ ብለው ነው የሚጠብቁት። ጄኔሬተሩን ማስነሣት ከጋሽ ሲራጅ ለምደዋል። አስነሡልኝ። ማሽኑ ላይ ያችው ሰረዝ ተደቀነች። ያን ጊዜ የጠመንጃ መፍቻ አነሣሁና ጫፉን ሳጥኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ሃርድ ዲስኩ ይዞራል! ሳይቆራረጥ፣ ሳይንቃቃ፣ ጥርት ብሎ ይዞራል። የተቃጠለ ነገር ሽታ የለ፣ ማተሚያው ደኅና፣ መስኮቱ ደኅና። እንግዲህ የወደቀውን አህያ ጭነት ላውርድለት ብዬ አዲሱ ጭነት ምን እንደሆነ ሳስብ ፀጉሬ ቆመ። የፊደሏ ካርድ! ያች ቀይ ሰም የታተመባት።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ቤት በሩጫ ሄድሁ። «ካርዷን አውጥቼ ልሞክረው፣ ሰሙን ላንሣ» አልሁት።

«ፊደሉን ልታወጪው? ሦስት ሰው የፈረመበትን? ያንቺም ፊርማ አለበትኮ!»

«አለበት ጓድ። ለዚያ ነው የመጣሁት።»

«ያ ዕቃ በሰነድ ጤነኛ ነው። ያንን ሰም የነካሽ እንደሆነ አንቺም ከሲራጅ ጎን ትቀመጫለሽ፤ ነገርኩሽ!»

ፈራሁ። ጀግና ነበርሁ አልልም፣ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። እሑድ ጠዋት ግን የሠፈር ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እኔ ወደ ቢሮ ሄድሁ። ለአያ ታከለ እውነቱን ነገርኋቸው። «አያ ታከለ፣ ይኸን ሰም ልሰብረው ነው። አላየሁም ማለት ይችላሉ።»

«የኔም ሽምብራ እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው የተቆለፈች አይደል?» አሉ። «ሲራጅም መልካም ሰው ነው። ስበሪው፣ እኔ ሞተሩን ላስነሣ።»

እጄን በሳሙና ታጠብሁ። ነጠላዬን ጠረጴዛው ላይ አነጠፍሁ። ሰሙን በቢላ ስፈነቅለው ቀዩ ስብርባሪ ነጠላዬ ላይ ተበተነ። ብሎኖቹን በተራ ደረደርሁ። የፊደሉን ካርድ አወጣሁ፣ የማተሚያውንም አወጣሁ፣ ሃርድ ዲስኩን የሚያዘውን ካርድ ብቻ ተውሁ። አስነሣሁት። ቆጠረ። ዝም አለ። ከዚያ የዲስኩ ቀይ መብራት ብልጭ አለ፣ ሆዱ ውስጥ ክርክር ክርክር የሚል ድምፅ መጣና ትእዛዝ የሚጠብቀው የፈረንጅ ፊደል መስኮቱ ላይ ወጣ።

«ተነሣ! ተነሣ!» ብዬ ስጮህ አያ ታከለ በዱላቸው ሮጠው ገቡ። ሌባ የገባ መስሏቸው ነበር።

አሁን አንድ መጨመርና መጠበቅ ነው። የማተሚያውን ካርድ መለስሁ፤ ተነሣ። አጥፍቼ የፊደሉን ሰካሁ፤ «እንኳን ደኅና መጡ»፣ ከዚያ ያች ክፉ ሰረዝ። አወጣሁት፤ ተነሣ። ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት። ምክንያቱን ሳላውቅ ብሄድ ነገም በቃሌ የሚያምን የለም ብዬ ከካርዶቹ ጋር የመጡትን ሁለት መጽሐፍ አወጣሁና ገጽ በገጽ እያነጻጸርሁ አነበብሁ። አገኘሁት። ፊደሏም፣ የዲስኩም ካርድ ማሽኑ የሚጠራቸው በአንድ ቁጥር ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት አስቴር ቢኖሩና ከደጅ «አስቴር!» ብትሉ ሁለቱም አቤት ይላሉ፤ የማንኛዋም ነገር አይሰማም። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፣ ባንድ ቁጥር ግን አብረው አይኖሩም። ካርዷ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል መሰኪያ አለች፤ እሷን ነቅሎ ቀጥሎ ባለው ቀዳዳ ላይ ማድረግ ቁጥሩን ይለውጠዋል። በወረንጦ ለወጥኋት። አስነሣሁት። ሰላምታው መጣ፣ ዲስኩ ክርክር አለ፣ ሲስተሙ ተነሣ፤ ሁሉም ባንድ ላይ፣ በዚያው በጋሽ ሲራጅ ጄኔሬተር!

የዘሩን ዝርዝር አትሜ ጋሽ ሲራጅ ወደታሰሩበት ፖሊስ ጣቢያ በረርሁ። በሩ ላይ ወይዘሮ ዘሀራ ምሳ ዕቃዋን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀምጣለች። «ጠዋት ወሰዱት» አለችኝ። «መኪና ተገኘ ብለው አንድ ቀን አስቀደሙት።» ምሳ ዕቃው አልተከፈተም። አጠገቧ ዘጭ አልሁ።

ሥራ አስኪያጁ ቤቱ ድረስ የወሰድሁለትን ዝርዝር ሲያይ ፊቱ በራ። ሰሙን መስበሬን እንኳ ረሳው። «ጓድ፣ ጄኔሬተሩ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ሁለተኛ ወረቀት ልጻፍ» ስለው ግን ጨለመ። ሁለተኛው ወረቀት የኮሚቴውን ፊርማ፣ የራሱንም፣ እንደሚነካ ገብቶታል።

«ማሽኑ ሠርቷል፣ በቃ። የሲራጅ ጉዳይ በሕጉ መሠረት ይጣራል።»

«የታሰሩት በኔ ወረቀት ነው።»

«ሁለተኛ ከጻፍሽ አንዱ ሐሰት ነው። ለሐሰት ቃል ቅጣት እንዳለው ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ። ወጣሁና ቢሮ ተመልሼ ታይፕ መኪናው ላይ ተቀመጥሁ። «የመጀመሪያው ቃሌ ስሕተት ነው፣ ሳላጣራ ጽፌዋለሁ» ብዬ ጀምሬ የሆነውን ሁሉ ዘረዘርሁ፤ ማኅተም የሌለበት ወረቀት ላይ ፈረምሁ። ሰኞ ከሥራ ቀርቼ በመጀመሪያው አውቶቡስ ደብረ ታቦር ወጣሁ።

ጉዳዩን የያዘው መኮንን ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ብዙ ጊዜ አነበበ።

«ሁለቱንም የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ ጓድ።»

«ታዲያ የዋሸሽው በየትኛው ነው?»

«አልዋሸሁም። የመጀመሪያውን ሳላውቅ ነው የጻፍሁት።»

«ሳያውቁ መፈረምና መዋሸት በምን ይለያል?»

«ለታሰረው ሰው አይለይም» አልሁ።

ውጭ ጠብቂ አለኝ። ወረታ ስልክ ደወለ። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ዘሩ መታደል ጀምሮ ስለነበር አሻጥር የሚባለው ነገር ራሱ ውሃ የማይቋጥር ሆኖ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ሲራጅ የጫማቸውን ክር በእጃቸው ይዘው፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ወጡ። ስለ እግራቸው ልጠይቅ ስል በእጃቸው ተይ አሉኝ። እኔ በኋላ የወር ደመወዝ ተቀጣሁ፣ ማስጠንቀቂያም ተጻፈብኝ፤ ያንን የሰው ኃይሉ ልጅ ከማኅደሬ ውስጥ ፈልጎ ቢያነበው መልካም ነበር።

አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ሰሙን፣ ነጠላውን፣ ሁለቱን መጽሐፍ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህለውን መሰኪያ፣ ሁሉን ለፈለፍሁላቸው። ሞተር ሲያዳምጡ እንደሚያደርጉት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡኝ።

«ዲስኩ መዞሩን በጆሮሽ ሰማሽው?»

«ሰማሁት ጋሽ ሲራጅ።»

«ጎበዝ። አንድ አንድ እያልሽ ጨመርሽ?»

«አንድ አንድ እያልሁ።»

«ጎበዝ» አሉ ደግመው። ከዚያ የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ። ቀና ሳይሉ «ሁለት ቀን ሙሉ ማሽኑን ጠየቅሽው» አሉኝ። «እኔ ዓርብ ጠዋት እዚያው ግቢ ውስጥ ነበርሁ፣ ብርቄ። ሃያ እርምጃ መጥተሽ ‹ትናንት ሞተሩን ምን አደረጉት?› ብትዪኝ ኖሮ፣ ማጣሪያውን ከመቀየሬ በፊት ያንቺን ክፍል መሥመር ነቅዬው እንደነበር እነግርሽ ነበር። አዲስ ዕቃ ገብቷል ብዬ፣ እንዳይጎዳብሽ ብዬ። ኮምፒውተርሽ ያን ሰዓት ከሞተሩ ጋር አልተገናኘም። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ይቅር ይበሉኝ ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አነሡኝ። ይቅርታው ቀላል ነው፤ ለጥያቄው ግን መልስ አልነበረኝም። ነበረኝ እንጂ፣ ለምን እዋሻለሁ። አዲስ አበባ ሦስት ወር የተማርሁ እኔ፣ አንድ የጄኔሬተር ሰው ስለ ኮምፒውተር ምን ይነግረኛል ብዬ ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ማውጣት አቃተኝ። እሳቸው ፊቴን አዩትና ገባቸው መሰለኝ። አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። «ተይው በቃ፣ ተሳፈሪ» አሉኝ።